ሻርጃ ወይስ ዴራ? ኪራዩን ከመንገዱ ጋር ቁጠሪው

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። ጠያቂዋ የአካውንቲንግ ተመራቂ ናት፤ ዱባይ፣ ጀበል አሊ ውስጥ ባለ የመጋዘን ድርጅት ሥራ አግኝታለች። ድርጅቱ ቪዛውን ይጨርሳል፣ ቤት ግን አይሰጥም። ሻርጃ የምትኖር የአክስቷ ልጅ "እኔ ጋ ነይ፣ ኪራዩን እንካፈላለን" ብላታለች። እናቷም "ዘመድ ጋ ካልሆነ አትሄጂም" ብለዋል። እሷ ደግሞ ዴራ የሚባለው የዱባይ ሰፈር ሐበሻ ይበዛበታል ሲባል ሰምታለች። "የቱ ይሻለኛል?" ትላለች።

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። እኔ ብሆን ሻርጃን አልመርጥም።

የሻርጃ ኪራይ መርከሱ እውነት ነው። ዱባይ እየሠራ ሻርጃ የሚያድረው ሰው የበዛውም ለዚሁ ነው። ግን ካርታውን እዪው። ሻርጃ ከዱባይ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ናት፤ ጀበል አሊ በተቃራኒው ጫፍ፣ ደቡብ ምዕራብ። መሐሉ ከ50 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በየቀኑ ከደብረ ብርሃን ሸኖ ሄዶ መመለስ በይው። ያውም ጠዋትና ማታ መኪናው በሚቆለፍበት መንገድ። የዱባይ የከተማ ባቡር፣ ሜትሮው፣ ሻርጃ አይደርስም።

እኔም ሥራ ስጀምር ይኼን ስህተት ሠርቻለሁ። መሥሪያ ቤቴ ደብረ ብርሃን፣ ቤቴ ግን ጫጫ፤ ኪራይ ቀነስኩ ብዬ። 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ምን አላት? ሚኒባሱ እስኪሞላ በዚያ ብርድ ቆሜ ስጠብቅ፣ በ2 ወር ውስጥ ያረፈድኩባቸውን ቀናት አለቃዬ ቆጥሮ አሳየኝ። ከኪራይ የተረፈችውን ብርም ትራንስፖርትና የውጭ ምሳ በላት።

ዴራ ይሻላል የምልሽ ሐበሻ ስላለ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረው የሜትሮ ቀይ መስመር በዴራ በኩል አልፎ ወደ ጀበል አሊ ይዘልቃል። ጉዞው ከዴራም ረጅም ነው፤ ግን ስንት ሰዓት እንደምትደርሺ ታውቂዋለሽ። ባቡሩ ለሴቶችና ለሕፃናት የተለየ ቦታ አለው፤ ይኼን ለእናትሽ ንገሪያቸው። ሥራውን ከለመድሽ በኋላ ደግሞ ዲስከቨሪ ጋርደንስ የሚባለውን ሰፈር እዪ። ለጀበል አሊ ቅርብ ነው፣ የራሱ ሜትሮ ጣቢያ አለው፤ ቤት በጋራ የሚከራዩም ብዙ ናቸው።

ቤት ስታዪ በቀን ሂጂና ከጣቢያው እስከ በሩ በእግርሽ ለኪው። እኛ ፀሐይ ፍለጋ ደጅ የምንወጣ ሰዎች ነን። እዚያ በበጋቸው፣ ማለትም በእኛ ክረምት ወራት፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ የ15 ደቂቃ የእግር መንገድ ቀልድ አይደለም። የማቀዝቀዣው ወጪ በኪራዩ ውስጥ መሆኑንም ጠይቂ።

የዓመት ውል ለመፈረም አትቸኩዪ። ዱባይ ላይ ኪራይ የሚከፈለው ብዙውን ጊዜ ቀኑ ወደፊት በተጻፈ ቼክ ነው፤ ቼኩ ስንቅ አጥቶ ከተመለሰ መዘዙ ብዙ ነው። ከዚያ ላይ ማስያዣ አለ፣ የደላላ አለ፣ ለመብራትና ውሃ ብቻ ለአፓርታማ 2,000 ድርሃም ይያዝብሻል። ደመወዝ ሳይነካ ይኼ ሁሉ ከየት ይመጣል? ለመጀመሪያዎቹ ወራት እዚያ ያሉ ልጆች ቤድ ስፔስ የሚሉት፣ በወር የሚከፈል አልጋ ይበቃሻል። አልጋውን የምታከራይሽ ራሷ ተከራይ ከሆነች ግን የአከራዩን የጽሑፍ ፈቃድ አሳዪኝ በያት። የዱባይ ሕግ ይኼን ይጠይቃል። ፈቃድ ከሌለ አንድ ቀን ሻንጣሽን ይዘሽ ውጪ ልትቀሪ ትችያለሽ።

እናትሽን በተመለከተ፣ ፍርሃታቸውን አትናቂው። የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ሳምንት የአክስትሽ ልጅ ጋ እረፊ። ከዚያ ዴራ ካለው ዩኒየን ጣቢያ ወደ ሻርጃ ቀጥታ አውቶቡስ ስላለ፣ በዕረፍት ቀንሽ ቡና እሷ ጋ ትጠጫለሽ። እንደዚህ ብለሽ ብታስረጃቸው እሺ የሚሉ ይመስለኛል። የአክስትሽ ልጅ ራሷ ደውላ ብታነጋግራቸው ደግሞ የበለጠ ይሰማሉ።

ከሁሉ በፊት ግን ዛሬውኑ ለቀጣሪሽ ኢሜይል ጻፊ። ሰርቪስ አለ ወይ? ካለ ከየት ከየት ነው የሚነሳው? ጀበል አሊ ያሉ ብዙ ድርጅቶች ሠራተኛ በአውቶቡስ ያመላልሳሉ። ምናልባት ሰርቪሱ የአክስትሽ ልጅ ሰፈር የሚደርስ ከሆነ፣ ከላይ ያልኩሽን ግማሹን ተይውና መልሰሽ ጻፊልኝ።