ሰላጣ ቶሎ እንዳያብብ ከራስ ዘር መምረጥ

ወንድሜ፣ ኮምቦልቻ ላይ ሰላጣህ ቶሎ እያበበ እየመረረ አስቸግሮህ «ከራሴ ማሳ ዘር እየመረጥኩ ላሻሽለው እችላለሁ?» ብለሃል። ትችላለህ፣ ግን ከአንድ ፓኬት ዘር ብቻ ብዙ አትጠብቅ።

ሰላጣ በራሱ አበባ ዱቄት ራሱን በራሱ ያዳቅላል፣ ከሌላ ተክል ጋር እምብዛም አይቀላቀልም። ስለዚህ የአንድ ዝርያ ተክሎች በውርስ መንትያ ናቸው ማለት ይቻላል። አንዱ ቀድሞ ቢያብብ ውሃ አጥሮት ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ ወደ ልጆቹ አይተላለፍም። ልዩነት ከሌለ ምን ትመርጣለህ?

ሦስት አራት ዝርያ ጎን ለጎን ዝራ። ውሃውም ፍጉም እኩል ይሁን። ቀድሞ ግንድ ያወጣውን ንቀለው፤ ዘር የምትይዘው መጨረሻ ካበበው ነው። ብዙ ሰው ግን ከተደባለቀ ዝርያ መሃል ቶሎ ዘር የሰጠውን ይሰበስባል፣ ከዚያ ሰላጣው በየዓመቱ ይበልጥ ቸኳይ ሲሆንበት ይገርመዋል!

ደሴ ላይ ያማረ ዝርያ እናንተ ጋር ላያምር ይችላል። ደሴ ብርድ ነው፤ ሙቀት ደግሞ ሰላጣን ያስቸኩላል። አፈሩ ወደ 30 ዲግሪ ከሞቀ ዘሩ ራሱ አልበቅልም ይላል፤ አመሻሽ ላይ ዝራና ጥላ አድርግለት።

ሁለት ዝርያ በእጅ ማዳቀልም ይቻላል። አበባው ግን ትንሽ ነው፣ የሚከፈተውም ጠዋት ለጥቂት ሰዓት ብቻ። መጀመሪያ ምርጫውን ሞክረው።