ጥያቄና መልስ፦ የብሪታንያና የአየርላንድ ዘፈን ደራሲዎች

ዋሽንት፦ እስከ እራት ሰዓት አለሁ፣ ጠይቁ። ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው። አንድ ማሳሰቢያ፦ የዘፈነው ሁሉ የደረሰው አይደለም።

ሄኖክ፦ ጋሼ፣ «ደርቲ ኦልድ ታውን» የፖግስ ባንድ ዘፈን ነው አይደል? ስለ ደብሊን?

ዋሽንት፦ ይሄው ጀመራችሁ! ፖግስ የተጫወቱት በ1985 ነው። ደራሲው ዩዋን ማኮል ነው፣ በ1949 የጻፈው። ከተማዋም ሳልፎርድ ናት፣ ማንቸስተር ወንዝ ማዶ። እዚያው ነው የተወለደው፣ በ1915። እናትና አባቱ ስኮትላንዳውያን ናቸው። አባቱ የብረት ማቅለጫ ሠራተኛ ነበር። የሠራተኛ ማኅበር ሰው ስለሆነ ስኮትላንድ ውስጥ የሚቀጥረው ጠፋ፣ ሳልፎርድ ወረደ። ልጁም መጠሪያው ጄምስ ሚለር ነበር፣ ማኮልን በኋላ ነው ያወጣው። ዘፈኑን የጻፈው ለራሱ ቲያትር ነው፣ የመድረኩ ዕቃ እስኪቀየር ተመልካቹን የሚይዝለት ነገር ቸግሮት። ግጥሙን አድምጡት። ፍቅረኛውን የሚያገኛት ጋዝ ፋብሪካው አጠገብ ነው። መጨረሻ ላይ ከተማዋን እንደ ደረቀ ዛፍ በመጥረቢያ ልጣላት ይላል። የሚወዳት ከተማ እኮ ናት!

ማህሌት፦ አሜሪካዊቷ ሮበርታ ፍላክ የዘፈነችው የፍቅር ዘፈን፣ «ዘ ፈርስት ታይም ኤቨር አይ ሶው ዩር ፌስ»፣ እሱም የማኮል ነው ሲሉ ሰማሁ።

ዋሽንት፦ አዎ። በ1957 ለፔጊ ሲገር የጻፈው ነው። ፔጊ አሜሪካዊት ናት፣ እሱ ያኔ ባለትዳር ነበር። ፍላክ በ1969 ዘፈነችው፣ በ1971 ፊልም ላይ ገባ፣ በ1972 አሜሪካን አጥለቀለቀ። እሱ ግን ሌሎች ሲዘፍኑት ደስ አይለውም ነበር።

ቢኒ፦ አሪፍ ዘፈን ጠቁመኝ እስቲ።

ዋሽንት፦ ለምን? ለሠርግ? ለልቅሶ? ጥያቄህን አስተካክል።

ሰላም፦ ማኮል ለንደን በነበረው የሕዝብ ዘፈን ክለቡ ውስጥ ሰው ያገሩን ዘፈን ብቻ ይዝፈን የሚል ሕግ አውጥቶ ነበር አይደል? ግን ራሱ እንግሊዝ ተወልዶ የስኮትላንድ ይዘፍን ነበር። ግብዝ!

ሄኖክ፦ የወላጆቹ አገር አይደል? አዲስ አበባ ያደገ ልጅ የአባቱን የጎንደር ዘፈን ቢዘፍን ማን ይከለክለዋል?

ሰላም፦ እሱ ሌላውን አይከለክላማ!

ቢኒ፦ ጎንደርን ምን አመጣው?

ዋሽንት፦ ልጆች፣ ክርክሩን ውጭ። ሕጉ የመጣው እንግሊዞቹ ወጣቶች ሁሉ አሜሪካዊ መስለው ሲዘፍኑ ታክቶት ነው። ማብዛቱን አልክድም። ግብዝ የሚለው ግን አይዋጥልኝም።

አቤል፦ አሁን ነው የገባሁት። «ደርቲ ኦልድ ታውን» የአየርላንድ ነው?

ዋሽንት፦ ከላይ አንብብ።

ትዕግሥት፦ ጋሼ፣ አየርላንድ ውስጥ እንደኛ አዝማሪ ቤት ለቤት እየዞረ ባለቤቱን የሚያወድስ ነበረ?

ዋሽንት፦ ተርሎክ ኦካሮላን፣ ከ1670 እስከ 1738። በ18 ዓመቱ ፈንጣጣ ዓይኑን አጠፋው። ከዚያ በገና ተማረ፣ ፈረስና መሪ ተሰጠው፣ ካንዱ ባላባት ወደ ሌላው ሲዞር ኖረ። ላበላው ዜማ ይሠራለታል። ብዙዎቹ ዜማዎቹ ዛሬም በባለቤቶቹ ስም ነው የሚጠሩት።

ናቲ፦ ስለ ቢትልስስ?

ዋሽንት፦ እነሱን ሌላ ሰው ጠይቁልኝ።

ማህሌት፦ ከፖግስ ጋር የገናውን ዘፈን «ፌሪቴል ኦፍ ኒው ዮርክ»ን የዘፈነችው ከርስቲ ማኮል የዩዋን ልጅ ናት? እሷ ናት የደረሰችው?

ዋሽንት፦ ልጁ ናት፣ እናቷ ግን ፔጊ አይደለችም። ያንን የደረሱት ጄም ፋይነርና ሼን ማክጋዋን ናቸው። የዘፈነው ሁሉ አልደረሰም፣ ስንቴ ልበል! የእሷን ከፈለጋችሁ ትሬሲ ኡልማን በ1983 ያስጮኸችውን «ዘይ ዶንት ኖው» ስሙ። የደረሰችው ከርስቲ ናት፣ ራሷም በ1979 ዘፍናው ነበር፣ ያኔ ግን በሽያጭ አልተሳካለትም። በ2000 ሜክሲኮ ውስጥ ከልጆቿ ጋር ባሕር ስትጠልቅ ፈጣን ጀልባ መጣባቸው። ልጇን ገፍትራ አዳነችው። 41 ዓመቷ ነበር።

አቤል፦ ጋሼ፣ ከላይ አነበብኩ። ሳልፎርድ አየርላንድ ነው?

ዋሽንት፦ እራት ቀርቧል።