የኮምቦልቻዋ እህት፣ ስንኝሽን በጆሮ ቁጠሪው

አብሽሪ እህቴ። «ለውድድር ያስገባሁት ግጥም ምጣኔው (የስንኙ ልክ) ተሰብሯል ተብሎ ተመለሰብኝ፣ ምን ላድርግ?» ብለሻል። እኔም ደሴ ላይ ይሄው ነው የደረሰብኝ። ያንቺም ያው ሊሆን ይችላል።

1. ለጥያቄሽ «አያምብ የሚባለውን የግጥም ምት ተማሪ» ብሎ የመለሰልሽን ወንድም እለፊው። አያምብ እንደ እንግሊዝኛ ላሉ ቋንቋዎች ነው። አንድ ላላ ያለ ቀለም (ባንዴ የሚነገር የድምፅ ቁራጭ)፣ ቀጥሎ ጠንከር ብሎ የሚነገር፤ ብዙ ጊዜ ይሄ ጥንድ አምስቴ ሲደጋገም አንድ ስንኝ ይሆናል። የኛ ቋንቋ ያን ያህል ጉልህ ጫና የለውም። ግጥማችን የሚቆመው በቀለም ቁጥርና በመሃል ዕረፍት ነው። የወል ቤት የሚባለው 6 በ6 ነው፣ ማለትም 6 ቀለም፣ ዕረፍት፣ 6 ቀለም፤ ሰንጎ መገን 5 በ5፣ የፀጋዬ ቤት የሚባለው 8 በ8።

2. ቀለምና ፊደል አይምታታብሽ። እኔን ያቃጠሉኝ እዚህ ላይ ነው! አንድ ቢሮ ውስጥ ገምጋሚ ነኝ ባይ፣ በእስክሪብቶ ፊደል በፊደል እየነካ ቆጥሮ «በዛ፣ ይሄ ግጥም አይደለም» ብሎ ወረቀቴን ገፋልኝ። ተቀመጥ እንኳ አላለኝም። ጮክ ብዬ ላንብበው ብል «ጊዜ የለኝም»። በመንዙማ አገር! ድቤ መቺ ፊደል ሲቆጥር ማን አይቷል? ያንኑ ግጥም ፒያሳ የግጥም ምሽት ላይ ሳነበው ቤቱ «ይደገም!» አለ። ሰውየው ቢኖር ደስ ባለኝ።

የለጠፍሽውን እንየው፦

ደሴ ላይ ቢዘንብም፣ ኮምቦልቻ ነው ቤቴ
ቡናዋን አፍልታ፣ ስትጠራኝ እናቴ

የመጀመሪያው 18 ፊደል ነው። በጆሮ ግን ደ-ሴ-ላይ-ቢ-ዘን-ብም፣ ኮም-ቦል-ቻ-ነው-ቤ-ቴ፤ 6 በ6፣ ንጹሕ የወል ቤት። እንደ ይ፣ ን፣ ም ያሉት ሳድሶች (ስድስተኛ ፊደሎች) ከነሱ በፊት ካለው ፊደል ጋር ተውጠዋል። ሁሉም ሳድስ ግን አይዋጥም። «ጭጋግ» ላይ ጭ መነሻ ስለሆነ ራሱን ችሎ ይቆጠራል።

ሁለተኛው ስንኝ ላይ እውነቱን ልንገርሽ፣ ችግር አለ። «ስትጠራኝ» ሲነበብ ት ይጠብቃል፤ ስት-ት-ጠ-ራኝ፣ አራት ቀለም። ከ«እናቴ» ጋር 7 ሆነብሽ። «ጠራችኝ እናቴ» በይው፣ 6 ይገባል፣ ቤት መምታቱም አይፈርስም።

አስተካክለሽ መልሰሽ አስገቢ። አሁንም ተሰብሯል ካሉሽ የቱ ስንኝ እንደሆነ በጽሑፍ ያመልክቱሽ። እኔን በቃል ብቻ ነው የሸኙኝ፣ ቅሬታ ላቀርብ ስል የምይዘው ወረቀት አልነበረኝም።