በግቢ የሚያልፍ ጅረት ለአረንጓዴ ሕንፃ ነጥብ ያስገኛል?

ጥያቄ፦ ሕንፃ በምንሠራበት ቦታ ላይ ትንሽ ጅረት ያልፋል። ተርባይን ተክለን የራሳችንን ኤሌክትሪክ ብናመነጭ፣ ለሊድ (LEED) የአረንጓዴ ሕንፃ የምስክር ወረቀት ስናመለክት በታዳሽ ኃይልነት ይቆጠርልናል? ጅረቱ ባይበቃ ደግሞ ከጣሪያው ታንከር በሚወርደው ውኃ ላይ ሌላ ትንሽ ተርባይን ለመጨመር አስበናል።

መልስ፦ የጅረቱ ኃይል ሊቆጠርልዎት ይችላል፤ የታንከሩ ግን አይቆጠርም። የአሜሪካ አረንጓዴ ሕንፃ ምክር ቤት የሚያዘጋጀው ሊድ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 እትሙ፣ በግቢ ውስጥ ከሚመነጩ ተቀባይነት ካላቸው የታዳሽ ኃይል ዓይነቶች መካከል «ዝቅተኛ ተፅዕኖ ያለው የውኃ ኃይል»ን ጠቅሷል። ስለዚህ ማመንጫው አነስተኛ መሆኑ ብቻውን አያበቃውም፤ ጅረቱን የማይጎዳ መሆኑ መታየት አለበት።

ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ውኃው ተጠልፎ ወደ ቧንቧ ከሚገባበት እስከሚመለስበት ባለው ርቀት ላይ ነው። ግድብ ባይሠራም እንኳ፣ በበጋ ውኃው በሙሉ ወደ ተርባይኑ ከተመራ በመካከል ያለው የጅረቱ አልጋ ይደርቃል፤ ድንጋዩ ላይ የነበረው አረንጓዴ ልባስ ይነጣል፣ ዓሣውም መተላለፊያ ያጣል። በመሆኑም በማንኛውም ወቅት ለጅረቱ የሚተው የውኃ መጠን አስቀድሞ ተወስኖ በንድፉ ውስጥ መግባት ይኖርበታል፤ እኔ ከተርባይኑ ምርጫ በፊት መምጣት ያለበት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

የሚቀረውን ኃይል ማስላት አያስቸግርም። በሴኮንድ 20 ሊትር ውኃ ከ10 ሜትር ከፍታ ቢወርድና ከኃይሉ 60 በመቶው ወደ ኤሌክትሪክ ቢለወጥ፣ የሚገኘው 1.2 ኪሎዋት ያህል ነው። በደረቁ ወር ግን ከቧንቧው አፍ ሥር ያስቀመጡት ባለ 20 ሊትር ባልዲ ለመሙላት 4 ሴኮንድ ከፈጀበት፣ ፍሰቱ በሴኮንድ 5 ሊትር ብቻ ስለሆነ ኃይሉ ወደ 0.3 ኪሎዋት ይወርዳል። በክረምት የተለካውን ፍሰት ለዓመቱ ሁሉ ማባዛት የተለመደ ስህተት ነው። በተጠቀሰው የ2009 እትም ለአዳዲስ ሕንፃዎች ነጥብ ይሰጥ የነበረው የታዳሹ ኃይል ዋጋ ከሕንፃው ዓመታዊ የኃይል ወጪ ስንት በመቶ እንደሆነ ታይቶ ሲሆን፣ 1 በመቶ አንድ ነጥብ፣ 13 በመቶ ደግሞ ሰባት ነጥብ ያስገኝ ነበር። ስለዚህ የሕንፃውን ፍጆታ መቀነስ ያው ተርባይን የሚሸፍነውን ድርሻ ያሳድገዋል።

ወደ ታንከሩ ስንመጣ፣ ያንን ውኃ ጣሪያ ላይ ያወጣው የራስዎ ፓምፕ ነው። የጅረቱን ውኃ ወደ ተራራው የሚመልሰው በፀሐይ ሙቀት ተንኖ የሚዘንበው ዝናብ በመሆኑ ኃይሉ በየጊዜው ይተካል፤ የታንከሩን ውኃ ግን ያነሣው የከፈሉበት ኤሌክትሪክ ሲሆን፣ በፓምፑ፣ በቧንቧውና በተርባይኑ ከሚባክነው የተረፈው ብቻ ይመለስልዎታል። እንዲያውም ተርባይኑ የውኃውን ግፊት ስለሚቀንስ በታችኛው ፎቅ ቧንቧዎች የሚወርደው ውኃ ሊደክም ይችላል። ለእሱ ያሰቡትን ገንዘብ ጅረቱ ላይ ለሚተከል የፍሰት መለኪያ ቢያውሉት ይሻላል፤ የዓመቱን ኃይል በትክክል ለማስላት የአሥራ ሁለቱ ወራት ፍሰት ያስፈልጋልና።