ከልጆች ጋር ጓሮ ስንተክል፦ ጥያቄያችሁና መልሴ

ክረምቱ ደርሷል። ባለፈው ሳምንት «ዘንድሮ ከልጆቻችሁ ጋር ለመትከል ያሰባችሁ፣ የቸገራችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። እኔ የምኖረው ባሕር ዳር ነው፣ ያደግሁት ደግሞ ደብረ ማርቆስ አካባቢ። በሁለቱም ቦታ ጓሮ አልምቻለሁ። ሦስት ልጆቼም ጭቃ እያቦኩ ነው ያደጉት።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ልጄ አምስት ዓመቷ ነው። በምን ልጀምር? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ በፌጦ ጀምሪ እህቴ። ለመድኃኒት ብለሽ ያስቀመጥሽው ፌጦ ቤትሽ አይጠፋም። ሰሃን ላይ እርጥብ ጥጥ አንጥፊና ራሷ ትበትንበት። ጠዋት ጠዋት ውኃ ጠብ ታድርግበት። በሁለት በሦስት ቀን ይበቅላል፣ ሳምንት አለፍ ሲል በመቀስ ቆርጣ ከእንጀራዋ ጋር ትቀምሰዋለች፣ ትንሽ ያቃጥላል ግን የራሷ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ «ከሦስት ወር በኋላ ይደርሳል» ቢሏት አይገባትም። ለእሷ ሦስት ወር ማለት መቼም የማይመጣ ነገር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቶሎ የሚበቅል ነገር ትይ። ቀጥሎ አደንጓሬ ስጫት። የሃይላንድ ጠርሙስ አፉን ቁረጪ፣ እርጥብ ጨርቅ ውስጡ ጠቅጥቂ፣ ፍሬውን በጨርቁና በፕላስቲኩ መሀል አስገቢው። ሥሩ ወደ ታች፣ ግንዱ ወደ ላይ ሲሄድ በዓይኗ ታየዋለች። ከዚያ ነው ወደ አፈር የምትወርዱት። እዚያ ደግሞ ቆስጣን የሚያህል የለም፣ የውጭ የውጭውን ቅጠል እየቀነጠባችሁ ለወራት ትበሉታላችሁ።

ጥያቄ፦ እኛ ኮንዶሚኒየም ነን፣ ያለን በረንዳ ብቻ ነው። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ይበቃል። የዘይት ጀሪካን ከላይ ቁረጡ፣ ታቹን በጋለ ሚስማር አራት አምስት ቦታ ብሱት፤ መብሳቱን ግን ለልጅ አትስጡ። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ፣ ትንሽ አሸዋ። ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ቃርያ፣ እንጆሪ ሁሉም ይሆናል። ቲማቲምና ቃርያ ፀሐይ ይወዳሉ፣ ቢያንስ የግማሽ ቀን ይፈልጋሉ። ሰላጣ ግን በመጋቢትና በሚያዝያ የባሕር ዳር ሙቀት ቶሎ ያብባል፣ ይመራልም፣ ያኔ ወደ ጥላ ሳቡት። የኬሚካል ዕቃ የነበረ ጀሪካን ቢታጠብም አይሆንም።

ጥያቄ፦ ለልጆቼ ፓፓያ ሦስት ጊዜ ተከልኩ፣ ሦስቴም ደረቀ። (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ የብርዱ ነው። ፓፓያ ሙቀት ይወዳል፣ ውርጭ ካገኘው ያልቃል። ባሕር ዳር በዓመት ገደማ ያፈራልናል፣ እኛም ብንሆን ሦስት አራት አድርገን ነው የምንተክለው፣ ምክንያቱም አንዳንዱ ወንድ ሆኖ አበባ ብቻ ያወጣል። ለእናንተ ኮክ፣ የተዳቀለ አፕልና እንጆሪ ይሻላል። አፕል ስትገዢ ሁለት ዓይነት ግዢ፣ አንዱ ያለ ሌላው ጥሩ አያፈራም። ልጆቹ እስኪደርስ እንዳይሰለቹ ሥሩ እንጆሪ ትከሉበት።

ጥያቄ፦ አፈራችን ቀይ ነው፣ ጎመኑም ካሮቱም ይቀጭጫል። (ከዳንግላ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ በእናንተ አካባቢ ቀዩ አፈር ብዙውን ጊዜ አሲዳማ ነው። ዝናቡ ንጥረ ነገሩን አጥቦ ይወስደዋል። ግብርና ጽሕፈት ቤት ስለ ኖራ ጠይቅ፣ ለጓሮ ግን የምድጃ አመድና ብስባሽ ብዙ ይረዳል። አሲድ የማይከብደው ድንች ነው፤ እሱ ያለበት ላይ አመድ አታብዛ፣ ቆዳውን ያሻክረዋል። ደግሞ ለልጅ ከድንች የበለጠ ደስታ የለም! ጆንያውን እስከ ወገቡ ጠቅልላችሁ ትንሽ አፈር አድርጉበት፣ ያጎነቆሉ ሁለት ሦስት ድንቾች ቅበሩ፣ ግንዱ ባደገ ቁጥር ጆንያውን እየዘረጋችሁ አፈር ጨምሩ። ከሦስት እስከ አራት ወር ውስጥ ቅጠሉ ሲረግፍ ጆንያውን ዘርግፉት። ልጆቼ እንቁላል የሚለቅሙ ይመስል በየተራ ነበር የሚቆጥሩት። አንድ ነገር አስጠንቅቃቸው፦ ድንች ካበበ በኋላ ግንዱ ላይ እንደ ትንሽ አረንጓዴ ቲማቲም ያለ ፍሬ ያወጣል፣ መርዝ ነው። ፀሐይ አግኝቶ አረንጓዴ የሆነ ድንችም አይበላም።

ጥያቄ፦ የእኛ መሬት ጥቁር ነው፣ ክረምት ውኃ ይተኛበታል። (ከብቸና)

መልስ፦ አባቴ፣ መደቡን ከፍ ያድርጉት፣ ግራና ቀኙን ቦይ ያውጡለት። ካሮትና ሽንኩርትን ዝናቡ ቀለል ሲል ከመስከረም በኋላ ቢያደርጉት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ልጄ ካሮቱ ደርሶ እንደሆን በየቀኑ እየነቀለ ያያል። ተቆጣሁት፣ አሁን ጓሮ አልገባም አለ። (ከሞጣ)

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ ልቤን ነካው፣ እኔም በትልቁ ልጄ ላይ ያንኑ አድርጌ ነበር። ስቆጣው መደቡ የእኔ ሆነ፣ የእሱ መሆኑ ቀረ። ልጁን ወደ ጓሮው ለመመለስ አንድ ወር ፈጀብኝ። ያደረግሁትን ልንገርሽ። ከመደቡ ጥግ አንዲት መስመር ከፈልኩለት፣ ስሙን እንጨት ላይ ጻፈ፣ «ይቺ የምትነቀል ናት፣ በሳምንት አንድ» አልኩት። ካሮት መሳሳት አለበት እኮ፣ ተጠጋግቶ ከበቀለ አይወፍርም። ስለዚህ መንቀሉ ሥራ ሆነለት። የነቀላትን እየለካ ግድግዳ ላይ ምልክት ያደርግ ነበር። ልጅሽን «ና ተቆጥቼህ ነበር፣ አጥፍቻለሁ» በይው፣ ደግሞም አጥፊው አንቺ እንደሆንሽ ይስማ።

ጥያቄ፦ ዱባችን ያብባል፣ ትንሿ ፍሬ ግን ቢጫ ሆና ትረግፋለች።

መልስ፦ ዝናብ ሲበዛ ንብ አይወጣም። ከሥሯ ትንሽ ዱባ ያላት አበባ ሴቷ ናት፣ ቀጥ ያለ አገዳ ላይ ያለው ወንዱ። ጠዋት አበባው ሳይከደን ልጁ ወንዱን ቀጥፎ ሴቷ ውስጥ ያሽው። ዱቄቱ ከነካት ትይዛለች።

ጥያቄ፦ ትኩስ የከብት ፍግ ልጠቀም?

መልስ፦ ለሰላጣና ለካሮት በፍጹም። ቢያንስ ሦስት ወር ይብሰል። ልጆቹም ከጓሮ ሲወጡ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

ጥያቄ፦ ጎመኑን ክሽክሽ ወረረው፣ መድኃኒት ልርጭ?

መልስ፦ ልጅ የሚቀነጥበው ላይ አትርጪ። የሳሙና ውኃ ቅጠሉን ከታች በኩል እጠቢበት፣ በማግሥቱ በንጹሕ ውኃ አለቅልቂው። የባሰበትን ቅጠል ቀንጥበሽ ለዶሮ ስጪ።

ጥያቄ፦ የጎረቤት ዶሮስ? ችግኙን ጫረችው።

መልስ፦ ዙሪያውን እሾህ አጥሩ፣ መደቡ ላይም ችግኙ እስኪጠነክር ቅጠሉን ያራገፋችሁትን ጭራሮ ጣል አድርጉበት። ለጎረቤታችሁም የመጀመሪያውን ቆስጣ ልጆቹ ይውሰዱላት፣ ዶሮዋን ራሷ ትጠብቅላችኋለች።