ጭቃውን መሀል ለመሀል

ሰሞኑን ዲሲ አካባቢ ፀሐይ ብቅ ስትል፣ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ቨርጂኒያ ወዳለው ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ተራራ ዞረዋል። ከተማው ብርዱን ረስቷል፣ ተራራው ግን ገና ነው።

«ጋሼ፣ እዚህ አሌክሳንድሪያ በሹራብ ብቻ እየወጣን ነው። ቅዳሜ ልጆቹን ይዘን ዳርክ ሆሎው ፏፏቴ ብንወርድስ?»

ሹራቡን አትመኑት። ተራራው ላይ ከታች ካለው ሸለቆ በ10 ዲግሪ ፋራናይት ገደማ ይቀዘቅዛል። የሚያስቸግረው ደግሞ ነጩ ስኖው አይደለም። ቀን ቀልጦ ማታ እንደ መስታወት የሚረጋው ነው። በአማርኛ ሁለቱንም «በረዶ» ብለን እናልፋለን፣ እግር ግን ልዩነቱን ያውቃል። ዳርክ ሆሎው ቁልቁለትም ጥላም ነው። ልጆቹ ካሉ ለኤፕሪል አቆዩት። አዋቂዎች ብቻ ከሆናችሁ፣ ማይክሮስፓይክ የሚባለውን ጫማ ላይ የሚጠለቅ ባለጥርስ ሰንሰለት ያዙ። በተራራው አናት የሚሄደው የፓርኩ የመኪና መንገድ፣ ስካይላይን ድራይቭ፣ ክፍት መሆኑንም ከቤት ሳትወጡ አረጋግጡ። በረዶ ሲይዘው ይዘጉታል።

«ጭቃውን ሸሽተን ዳር ዳሩን ስንሄድ አንድ ሰውዬ ተቆጣን። ጫማችንን ማቆሸሽ አለብን እንዴ?»

ይቆሽሽ! ሰውዬው አነጋገሩን ባያሳምርም እውነቱን ነው። በዚህ ወቅት ላይ ላዩ አፈር ይፈታል፣ ከሥሩ ያለው ግን ገና እንደ ድንጋይ ነው። ውሃው መስረግ ሲያቅተው እዚያው ይተኛል። አንዱ ዳሩን ሲረግጥ ሳሩ ይሞታል፣ ዳሩም ጭቃ ይሆናል። ተከታዩ ደግሞ እሱንም ሸሽቶ ወዲያ ይረግጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ የእግር መንገዱ የመኪና መንገድ ያክላል። ስለዚህ መሀል ለመሀል ሂዱ። ጭቃው ቁርጭምጭሚት ከዋጠ ተመለሱ፣ ወይም ሌላ ቀን መሬቱ ሳይፈታ በማለዳ ውጡ።

መንገዱን አግድም ያቋረጠ ግንድ ወይም የድንጋይ ድርድር አይታችሁ ይሆናል። ደረጃ እንዳይመስላችሁ። አገር ቤት ገበሬው ማሳው ላይ የሚያወጣው ፈሰስ ማለት ነው፣ ውሃውን ወደ ጎን ያስወጣል። የረገፈ ቅጠል ሲደፍነው ግን ውሃው አፈሩን ይዞ መንገዱን ቦይ ያደርገዋል። አምና አንዱን በተረከዜ ጠረግ ጠረግ አድርጌ ውሃው ሲሾልክ ሳይ አያቴ ትዝ አሉኝ።

«ይህን ሁሉ መንገድ የሚጠግነው መንግሥት ነው?»

ፓርኩ ሠራተኞች አሉት። ግን በ1927 የተመሠረተው የፖቶማክ አፓላቺያን ትሬይል ክለብ በጎ ፈቃደኞች ባይኖሩ ጉድ ይፈላ ነበር። አንድ ሰው የተወሰነ ቁራጭ መንገድ ይረከባል፣ ያንን ዓመቱን ሙሉ ይጠብቃል። መጋዝ የሚይዙት የሰለጠኑት ብቻ ናቸው። 40 በመቶ የሚሆነው የፓርኩ መሬት በሕግ ጥብቅ ስለሆነ፣ እዚያ የወደቀ ዛፍ የሚቆረጠው በእጅ መጋዝ ነው። ስለዚህ መንገድ የዘጋ ግንድ ሲያጋጥማችሁ ከመማረር ፎቶ አንስታችሁ፣ ቦታውን ለፓርኩ ንገሩ።

«እዚያው ፓርኩ ውስጥ ላለው ለኦልድ ራግ ተራራ ትኬት ያስፈልጋል ይላሉ፣ እውነት ነው?»

ከማርች 1 እስከ ኖቬምበር 30፣ አዎ። ከመግቢያው ክፍያ ሌላ ነው፣ ቀድሞ በኢንተርኔት ይገዛል። ፌብሩዋሪ ላይ የለም። ግን አናቱ ጋ በእጅ የሚወጣበት አለት በረዶ ከያዘ፣ የትኬት ገንዘብ ለማዳን ብላችሁ እግር እንዳትሰብሩ።

«ጂንስ ይበቃኛል?»

አይበቃም። ጥጥ አንዴ ከራሰ ቶሎ አይደርቅም፣ ሙቀትዎን ይወስዳል። ከውስጥ ሱፍ ይልበሱ፣ ሻዩንም በፔርሙዝ ይያዙ።