ጉድጓዱን ላስቲክ ከማልበስህ በፊት

ሰሞኑን ከሐረር ወጣ ካለ ቀበሌ የመጣ ልጅ፣ «የአያቴን የማሽላ ጉድጓድ ውስጡን ላስቲክ ባለብሰው እህሉ ከመሻገት ይድናል አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። ቶሎ አልመለስኩለትም። ይህንኑ ጥያቄ ድሮ በችኮላ መልሼ የደረሰውን አይቻለሁ።

ጉድጓዱን ለማታውቁ፦ አፉ አንድ ሰው ብቻ ያስገባል፣ ሆዱ እንደ እንስራ ይሰፋል፣ ጥልቀቱ ከ2 እስከ 3 ሜትር ይሆናል። ገለባ ወይም አገዳ ይነጠፍበታል፤ ከሞላ በኋላ አፉ በእንጨትና በድንጋይ ተከድኖ በጭቃ ይመረጋል። እህሉ ሲተነፍስ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርስና ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል። የሚሻግተው አናቱና ግድግዳውን የነካው ነው፤ መሐሉ ብዙ ጊዜ ደህና ይወጣል። እንግዲህ ግድግዳው እርጥበት እንዳያሳልፍ ላስቲክ ማልበስ ነዋ! እኔም ያልኩት ይህንኑ ነበር።

1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ማሽላው ሙይራ ነበር፤ በሚያዝያ ተዘርቶ እስከ ኅዳር ማሳ ላይ የሚቆም፣ አገዳው ለከብትም ለአጥርም ለማገዶም የሚሆን። (ዳር ዳሩን ደግሞ ለልጆች ጥንቅሽ ይዘራ ነበር። ዛሬ በማሽላው መሐል የነበረው ጫት ማሽላውን ራሱን እያስወጣው ስለሆነ ጥንቅሽ የሚመጥ ልጅም እያነሰ ነው።) በዚያ ዓመት አጨዳ ላይ ዝናብ ጣለና ክምሩ ረጠበ። ከተወቃ በኋላ አውድማ ላይ የተሰጣው ሁለት ቀን ብቻ ነው። ባለእህሉ ሽማግሌ አንድ ፍሬ በጥርሳቸው ሰበሩና «ገና ነው» አሉ። የደረቀ ማሽላ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ ያ ግን ጠፍጠፍ ነው ያለው። እኔ የእሳቸውን ጥርስ ትቼ ላስቲኩን አመንኩ። ዘሩንም እዚያው አስገባነው።

መጋቢት መጨረሻ ላይ ለዘር ሲከፈት የወጣው ሽታ የጠላ ድፍድፍ ይመስል ነበር። የላስቲኩ የውስጥ ገጽ ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። እርጥብ እህል ሲተነፍስ ይሞቃል፤ ሙቀቱ እርጥበቱን ወደ ቀዝቃዛው ዳር ይገፋዋል። ዳሩ አፈር ቢሆን ጥቂቱን ይመጠው ነበር፣ ላስቲክ ግን መልሶ እህሉ ላይ ያንጠባጥበዋል። ከ15 ኩንታሉ 4 ያህሉ ተጋግሮ በዶማ ነው የወጣው። እንዲህ ያለውን ለከብትም ለዶሮም አትስጡ፤ ሻጋታው የሚተወው መርዝ በማጠብም በመጋገርም አይጠፋም።

ዘሩን እርጥብ ጨርቅ ላይ 100 ፍሬ አድርገን ብንሞክረው በአምስተኛው ቀን የበቀለው 9 ነበር። ያተረፈን የሽማግሌው ባለቤት ምክሬን ከቁም ነገር አለመቁጠራቸው ነው። እንደ ወትሮው ፈንዲሻ ከሚባለው ማሽላ ጥቂት ዛላ መርጠው ከምድጃው በላይ ጢስ ላይ ሰቅለው ነበር። ዘር ጉድጓድ አይገባም፤ ላስቲክ ኖረም አልኖረም።

የዛሬ ልጆች ጥያቄያችሁ ሁሉ «ምን ልግዛ?» ነው። ያኔ እኔም ሌላ ጥያቄ ስላልነበረኝ ብዙ አልቆጣችሁም።

ጥርስ የማታምኑ ከሆነ ጨው አለ። ጨዉን ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቁት። ክዳን ያለው ደረቅ የብርጭቆ ጠርሙስ እስከ ሲሶው እህል ሙሉ፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ጨው ጨምሩ፣ አንድ ደቂቃ ነቅንቁና 15 ደቂቃ ተዉት። ጨዉ ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው። ካልተለጠፈስ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። አየር ለማያስገባ ዕቃ 15 አይበቃም፣ ወደ 12 እና 13 መውረድ አለበት። ስለዚህ እህሉ የጨዉን ፈተና ካለፈ በኋላም ሁለት ሦስት ቀን በስሱ አስጡ፣ ማታ ማታ ሸፍኑ።

በእኔ አስተያየት ጉድጓዱ ጊዜው አልፏል፤ ሽታው ገበያ ላይ ዋጋ ያስቀንሳል። ባለ ሦስት ድርቡ 100 ኪሎ የሚይዘው ከረጢት ይሻላል። ሁለቱን የውስጥ ላስቲኮች አየራቸውን እየጨመቃችሁ ለየብቻ ጠምዝዛችሁ እሰሩ፤ በየሳምንቱ እየፈታችሁ ከቀዳችሁ ግን ነቀዙን ታስተነፍሱታላችሁ። ወደ ድሬዳዋ በወረዳችሁ ቁጥር ሙቀቱ ነቀዙን ያፈጥነዋል፣ እዚያ ጠንቀቅ በሉ። የነቀዝ ኪኒን ሰው የሚተኛበት ቤት አይገባም። ደግሞ ከረጢትን አይጥ ይበሳዋል፣ እሳት ይበላዋል፣ ሌባ ይሸከመዋል፤ ጉድጓድን ማናቸውም አይነኩትም። እና የልጁ አያት ጉድጓዱን አልደፍንም ቢሉ አልፈርድባቸውም።

አንተ ልጅ ግን ስትከፍተው ወዲያው አትግባ። የእህሉ ትንፋሽ ከአየር ስለሚከብድ ታች ተኝቶ ይቆያል። ከፍተህ ቢያንስ ግማሽ ቀን ተወው፣ ከዚያ ኩራዝ በገመድ አውርድ። ከጠፋ አትግባ። ባይጠፋም ወገብህን በገመድ ታስረህ፣ ሁለት ሰው ከላይ ይዞህ ግባ። ሰው ታች ወድቆ ብታይ ተከትለህ አትዝለል፤ እንዲያ ነው አንዱ በሌላው ላይ የሚሞተው። «ስልኬ መብራት አለው፣ ኩራዝ ምን ያደርግልኛል» እንዳትለኝ። የስልክ መብራት አየር በሌለበትም ይበራል።